ሜንዴሌቭ ሰንጠረዡን በሕልሙ አይቶታል?

ጥያቄ፦ «ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ ሜንዴሌቭ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ በሕልሙ አይቶ ነው የጻፈው አለኝ። እውነት ነው? ደግሞ ከእሱ በፊት ሌሎችም እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ሠርተው ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ለምን በእሱ ስም ተጠራ?»

መልስ፦ ሕልሙን ቶሎ እንገላገለው። ወሬው ከሩሲያዊው ኬሚስት ከሜንዴሌቭ ብዕር የወጣ አይደለም። ወዳጁ የነበረው የሥነ ምድር ሊቅ ኢኖስትራንትሴቭ ከራሱ አፍ ሰማሁ ብሎ አወራ፤ ላፕሺን የተባለ የፍልስፍና መምህር ደግሞ ከኢኖስትራንትሴቭ የሰማውን ጽሑፍ ላይ አሰፈረው። የሰሚ ሰሚ ነው እንግዲህ። በዚያ ወሬ ውስጥ እንኳ ሕልሙ የመጣው ሰውየው እንቅልፍ አጥቶ ሲሠራ ከሰነበተ በኋላ ነው። ስለዚሁ ጉዳይ የጠየቀውን ጋዜጠኛ ደግሞ «ምናልባት 20 ዓመት አስቤበታለሁ፤ አንተ ቁጭ ብሎ በድንገት ያገኘው ይመስልሃል» በሚል መንፈስ ገሥጾታል ይባላል። እኔ ከሁለቱ ወሬዎች ይህኛውን አምናለሁ። ምክንያቱም ለዚህኛው ምስክር አለ፤ ምስክሩም ጽፎት የተወው ወረቀት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ሰንጠረዡ ከወጣበት ከ1869 ሳይሆን ከ1860 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት በሴፕቴምበር ከመቶ በላይ ኬሚስቶች ጀርመን አገር ካርልስሩሄ ከተማ ተሰበሰቡ። የሰበሰባቸው ችግር ዛሬ ለሚማር ልጅ ለማመን ይከብዳል፦ የውሃን ቀመር እንዴት እንጻፍ በሚለው አልተስማሙም ነበር። 1 ግራም ሃይድሮጂን ከ8 ግራም ኦክስጅን ጋር እንደሚዋሃድ ሁሉም ያውቃል፤ ሚዛን ነውና ክርክር የለበትም። ግን ውሃ አንድ ሃይድሮጂንና አንድ ኦክስጅን ከሆነ የኦክስጅን አቶም ክብደት 8 ይሆናል፤ ሁለት ሃይድሮጂንና አንድ ኦክስጅን ከሆነ ደግሞ 16። አንዱ ቤተ ሙከራ በ8 ይሠራል፣ ጎረቤቱ በ16። ጀርመናዊው ኬሚስት ኬኩሌ በ1861 ባወጣው መጽሐፍ ለአሴቲክ አሲድ (ለኮምጣጤ አሲድ) ብቻ 19 ዓይነት የቀመር አጻጻፍ ደርድሯል። የአቶም ክብደት እንዲህ ሲዋዥቅ፣ ንጥረ ነገሮችን በክብደት ልደርድር የሚል ሰው ምን ሊያገኝ ይችላል?

ከጉባኤው ብዙም ስምምነት አልተገኘም። ሊለያዩ ሲሉ ግን ጣሊያናዊው ካኒዛሮ ቀደም ብሎ ያሳተማት ትንሽ ጽሑፍ ለተሰብሳቢው ታደለች። በእኩል መጠን ጋዝ ውስጥ እኩል ቁጥር ያላቸው ሞለኪውሎች አሉ የሚለውን የአቮጋድሮን የቆየ ሐሳብ ይዞ ክብደቶቹን አንድ በአንድ የሚያስተካክል ጽሑፍ ነው። ጀርመናዊው ሎታር ማየር ካነበባት በኋላ እንደ ቅርፊት ያለ ነገር ከዓይኔ ወደቀ ብሎ ጽፏል። የ26 ዓመቱ ሜንዴሌቭም በሃይደልበርግ ለትምህርት ተልኮ ስለነበር እዚያው ጉባኤ ላይ ነበረ። እንግዲህ የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ ግማሹ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት 10 ዓመታት ከአንድም አምስት ስድስት ሰው በየፊናው ሰንጠረዥ መሥራቱ አይግረምዎ። ትክክለኛው ቁጥር ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የደረሰው።

ሰውየውን ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስዎ። ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ በ1834 ሳይቤሪያ ውስጥ በቶቦልስክ ከተማ ተወለደ፤ ለብዙ ልጆች የመጨረሻው ነው። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበረው አባቱ በዚያው ዓመት ዓይነ ስውር ሆነ። እናቱ ማሪያ የቤተሰቧን የመስታወት ፋብሪካ እየመራች ቤቱን ያዘች። ልጁ 13 ዓመት ሲሆነው አባት ሞተ፤ በዓመቱ ፋብሪካው ተቃጠለ። ማሪያ ሁለቱን ትናንሽ ልጆቿን ይዛ ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ሞስኮ ገባች። የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ልጁ የሌላ ትምህርት ክልል ነው ብሎ አልተቀበለም። ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ወሰደችው፤ በ1850 አባቱ በተማረበት የመምህራን ተቋም አስገባችውና በዚያው ዓመት ሞተች። ከ37 ዓመት በኋላ በውሃ ውስጥ ስለሚሟሙ ነገሮች ባሳተመው ትልቅ ጥናት መግቢያ ላይ መታሰቢያነቱን ለእሷ ሰጥቷል። ስለ ሜንዴሌቭ ሲነገር ፀጉሩንና ጺሙን ብቻ የሚያነሡ ሰዎች ይህችን ሴት ሲዘሏት ይከነክነኛል።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ሜንዴሌቭ በ1867 በሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ የአጠቃላይ ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። ለተማሪዎቹ የሚሆን ዘመናዊ መጽሐፍ በሩሲያኛ አጣ። ስለዚህ ራሱ መጻፍ ጀመረ። እዚህ ላይ መማሪያ መጽሐፍ ጽፎ የሚያውቅ ሰው የሚስቅበት ነገር ገጠመው፦ አንደኛው ቅጽ አልቆ ሲያይ በዚያን ጊዜ ከታወቁት 63 ንጥረ ነገሮች የተረከላቸው 8ቱ ብቻ ናቸው። ሃይድሮጂን፣ ኦክስጅን፣ ናይትሮጂን፣ ካርቦን፣ ከዚያ ፍሎሪን፣ ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲን። 55ቱ በአንድ ቅጽ ውስጥ መግባት አለባቸው! አንድ በአንድ ቢተርክ ቅጹ አይበቃውም። በቤተሰብ በቤተሰብ ማስገባት አለበት፤ ግን የትኛው ቤተሰብ ከየትኛው በኋላ ይምጣ? የሰንጠረዡ ጥያቄ ከዚህ ነው የተወለደው፦ ከመጽሐፍ ማውጫ።

የመጀመሪያው ቅጽ ያለቀው በእነ ክሎሪን ነው። ሁለተኛውን በሶዲየምና በፖታሲየም ቤተሰብ ጀመረ። ሁለቱ ቤተሰቦች በጠባይ ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። አንዱ የሚያነቅ ጋዝ ነው፤ ሌላው ውሃ ሲነካው የሚቀጣጠል ለስላሳ ብረት። የአቶም ክብደታቸውን ግን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ክሎሪን 35.5፣ ፖታሲየም 39፤ ብሮሚን 80፣ ሩቢዲየም 85፤ አዮዲን 127፣ ሲዚየም 133። የማይመሳሰሉት ጎረቤታሞች ሆነው ተገኙ። ቤተሰብን ከቤተሰብ ጋር በክብደት ማጋጠም እንጂ ንጥረ ነገሮቹን በአንድ ረድፍ ማሰለፍ ብቻ አልነበረም ሐሳቡ። ብዙ መማሪያ መጽሐፎች ይህን ያልፉታል።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1869 ጠዋት ሜንዴሌቭ አይብ የሚመረትባቸውን የገጠር ተቋማት ለመጎብኘት ሊሄድ ነበር። ነጻ የኢኮኖሚ ማኅበር የሚባለው ድርጅት በባለሙያነት ጠርቶታል፤ የማኅበሩ ጸሐፊ ኮድኔቭ የላከው ደብዳቤ ጀርባ ላይ የተሞነጫጨሩ የንጥረ ነገሮች ምልክቶችና ቁጥሮች ዛሬም አሉ። ከዚያ ቀጥሎ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ረቂቅ፣ ከዚያም ለማተሚያ ቤት የተገለበጠው ንጹሑ። (ሩሲያ ያኔ የምትጠቀምበት የቀን መቁጠሪያ 12 ቀን ወደ ኋላ ስለነበረ፣ ሌላ መጽሐፍ ላይ ማርች 1 የሚል ቢያገኙ ያው ቀን ነው።) ንጥረ ነገሮቹን በካርድ ላይ ጽፎ እንደ ካርታ ጨዋታ ሲደረድር ዋለ የሚባለውም ተወዳጅ ታሪክ ነው። የተረፉልን ግን ረቂቆቹ ናቸው እንጂ ካርዶቹ አይደሉም። ረቂቆቹ የሚያሳዩት የሕልም ሥራ አይደለም፤ የሚጽፍ፣ የሚሰርዝ፣ እንደገና የሚያንቀሳቅስ ሰው እጅ ነው። ሰንጠረዡ ወደ 200 ቅጂ ታትሞ ለኬሚስቶች ተበተነ። በማርች 6 የሩሲያ ኬሚካዊ ማኅበር ፊት ያቀረበለትም ባልደረባው ሜንሹትኪን ነው። የሰንጠረዡ ባለቤት አይብ ሊያይ ሄዷላ!

አሁን ስለ ሌሎቹ። ፈረንሳዊው ደ ሻንኩርቱዋ በ1862 ንጥረ ነገሮቹን በሲሊንደር ዙሪያ እንደ ጠመዝማዛ መስመር ደርድሯቸዋል። እንግሊዛዊው ኒውላንድስ በ1865 በክብደት ሲደረደሩ እያንዳንዱ ስምንተኛ ከመጀመሪያው ጋር ይመሳሰላል ብሎ ከሙዚቃ ኖታ ጋር አመሳሰለው። በ1866 ለለንደን ኬሚካዊ ማኅበር ሲያቀርብ አንዱ ተሰብሳቢ በፊደል ተራ ደርድረህ ሞክረሃል ወይ ብሎ አላገጠበት። እንዲህ ያለ ነውር በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ብዙ ነው፤ ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የእንግሊዝ ማኅበረ ሊቃውንት በ1887 የዴቪ ሜዳልያ ሰጥቶ ካሰው። ከሁሉ የቀረበው ግን ያ ቅርፊት ከዓይኑ የወደቀለት ሎታር ማየር ነው። በ1864 መጽሐፉ 28 ንጥረ ነገሮችን በቤተሰብ አስቀምጧል፤ በ1870 ደግሞ የአቶሞች መጠን በክብደት ቅደም ተከተል ከፍ ዝቅ ሲል የሚያሳይ ግራፍ አወጣ። ዛሬም የማስተምርበት ቆንጆ ግራፍ ነው። በ1882 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የዴቪ ሜዳልያን ለሜንዴሌቭና ለማየር በአንድነት ሲሰጥ ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል።

ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ሌሎቹ ሰንጠረዣቸውን ጥሩ አደራደር አድርገው አዩት። ሜንዴሌቭ ግን ሕግ ነው አለ፤ ሕግ ከሆነ ደግሞ አልታዘዝ ያለው ቁጥር ነው ጥፋተኛው። ኒውላንድስ ሳጥኖቹን ለመሙላት ሁለት ንጥረ ነገር በአንድ ሳጥን አጭቋል። ሜንዴሌቭ ሳጥኑን ባዶ ተወው።

ሰዎች ስለ ባዶዎቹ ሳጥኖች ብቻ ያወራሉ። እኔን ከዚያ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የሰውን ቁጥር ለማረም የነበረው ድፍረት ነው። ኢንዲየምን ይውሰዱ። ክብደቱ 75.6 ነው ተብሎ ተጽፎ ነበር። በሰንጠረዡ ላይ አርሴኒክ 75፣ ሴሌኒየም 79 ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ለኢንዲየም ቦታ የለም። ሜንዴሌቭ ሚዛኑን አልወቀሰም። የወቀሰው የኦክሳይዱን ቀመር ነው። አንድ ኢንዲየም ከአንድ ኦክስጅን ጋር ሳይሆን ሁለት ኢንዲየም ከሦስት ኦክስጅን ጋር ነው የሚጣመረው ብሎ 75.6ን በአንድ ተኩል አባዛው፤ 113 ወጣ። በካድሚየም 112 እና በቆርቆሮ 118 መካከል ልክ አንድ ክፍት ቦታ ነበረች። ዩራኒየምንም ከ120 ወደ 240 እጥፍ አደረገው። ቤሪሊየምን 14 ነው የሚሉት ብዙ ነበሩ፤ እሱ 9 ነው ብሎ ጸና። በሦስቱም ትክክል ሆነ።

ባዶ ሳጥኖቹ ደግሞ እነሆ። በ1871 ከአሉሚኒየም፣ ከቦሮንና ከሲሊከን በታች ያሉትን ሦስት ክፍተቶች ወስዶ፣ ገና ማንም ያላያቸውን ንጥረ ነገሮች ክብደት፣ እፍጋት፣ የኦክሳይዳቸውን ቀመር ሳይቀር ጻፈ። ስም ሲያወጣላቸው «ኤካ» የሚለውን የሳንስክሪት ቃል ተዋሰ፤ «አንድ» ማለት ነው። ኤካ አሉሚኒየም ከአሉሚኒየም አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ያለው ነው። ብዙ አንባቢ ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

በ1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን ብርሃንን በቀለም በቀለሙ በሚከፍል መሣሪያ፣ በስፔክትሮስኮፕ፣ አዲስ የብርሃን መስመር አይቶ ጋሊየምን አገኘ። ስለ ሜንዴሌቭ ትንቢት የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሜንዴሌቭ ይሄማ የኔ ኤካ አሉሚኒየም ነው ብሎ ለፓሪስ ጻፈ። ፈረንሳዊው የጋሊየምን እፍጋት ለክቶ 4.7 አግኝቶ ነበር። ሜንዴሌቭ ደግሞ ብረቱን በእጁ ነክቶት ሳያውቅ፣ 5.9 መሆን አለበትና ናሙናውን አጣራው አለው። ቧቦድራን ናሙናውን አጣርቶ በድጋሚ ሲለካ 5.9 ሆኖ አገኘው። ንጥረ ነገሩን በእጁ ከያዘው ሰው ይልቅ ወረቀት ይዞ የተቀመጠው ሰው አወቀው። በ1879 ስዊድናዊው ኒልሰን ስካንዲየምን አገኘ፤ ኤካ ቦሮን ነው።

ሦስተኛው በ1886 ጀርመን ፍራይበርግ ላይ ተገኘ፤ ቪንክለር ከአንድ የብር ማዕድን ውስጥ ያወጣው ጀርማኒየም ነው። ትንቢቱ ክብደት 72፣ እፍጋት 5.5፣ የክሎራይዱ (ከክሎሪን ጋር የሚሠራው ውህድ) መፍያ ከ100 ዲግሪ በታች ይላል። የተገኘው ክብደት ከ72 ትንሽ የሚበልጥ፣ እፍጋት ወደ 5.4፣ መፍያው 86 ዲግሪ። እዚህ ላይ መማሪያ መጽሐፎች የማይጽፉት አንድ ነገር ልጨምርልዎ። የተገኘው ኤካ ሲሊከን መሆኑን ሜንዴሌቭ ራሱ መጀመሪያ ላይ አላወቀም ነበር። ቪንክለር በአንቲሞኒና በቢስመዝ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ መስሎት ነበር፤ ሜንዴሌቭ ደግሞ ከካድሚየም በታች ያለውን ክፍተት የሚሞላ ነው አለ። ነገሩን ያስተካከሉት ሌሎች ኬሚስቶችና ተጨማሪ ልኬት ናቸው። ነቢዩ የገዛ ልጁን በር ላይ ሳያውቀው ቀረ!

ስለዚህ ለልጅዎ ሲነግሩት ሰውየው ሁሉን ያወቀ አያስመስሉት። ከተነበያቸው ንጥረ ነገሮች ሁሉ የተሳኩለት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ቴሉሪየም 128፣ አዮዲን 127 ነበሩ፤ በጠባይ ግን ቴሉሪየም ከሰልፈር፣ አዮዲን ከክሎሪን ቤተሰብ ናቸው። ሜንዴሌቭ በጠባያቸው አስቀመጣቸውና የቴሉሪየም ክብደት በስሕተት የተለካ ነው፣ ወደ 125 ይወርዳል አለ። አልወረደም። ያው በኢንዲየም ላይ የሠራለት ድፍረት እዚህ ከዳው። ቦታው ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ስሕተት። በ1894 የብሪታንያ ሊቃውንት ሬይሊና ራምዚ አርጎን የተባለውን ጋዝ ሲያገኙ ደግሞ በሰንጠረዡ ላይ ቦታ ስላጣለት ይህ ሦስት አቶም ያለው ናይትሮጂን ይሆናል ብሎ ተሟገተ፤ ሦስት ጊዜ 14፣ 42 ሆኖ ለአርጎን ክብደት ይቀርባልና። እነ ሂሊየምና ኒዮን ሲጨመሩና ሙሉ ቤተሰብ ሲሆኑ ግን ዓምድ ሰጣቸው። አቶም ይከፈላል፣ ኤሌክትሮን የሚባል ቅንጣት አለ፣ ራዲየም ተለውጦ ሌላ ይሆናል የሚለውን ግን እስከ መጨረሻው አልወደደውም። በዕድሜው ማብቂያ ላይ ኤተር የተባለውን፣ ያኔ ሕዋውን ይሞላል ይባል የነበረውን ነገር ከሃይድሮጂን የቀለለ ንጥረ ነገር አድርጎ ሰንጠረዡ ውስጥ ለማስገባት ሞክሯል።

የቀረው ሕይወቱ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ እኔ በሩጫ ልለፈው። በ1887 የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ክሊን ከተማ ላይ ባሉን ውስጥ ገባ፤ ባሉኑ በዝናብ ርሶ ሁለት ሰው አልሸከም ሲል አብራሪውን አስወርዶ ብቻውን ተነሣ፤ በሰላምም አረፈ። በ1890 የተማሪዎችን አቤቱታ ይዞ ለትምህርት ሚኒስትሩ አቀረበ። ሚኒስትሩ ሳይቀበል መለሰበትና ከዩኒቨርሲቲው ለቀቀ። ከዚያ የአገሪቱን የሚዛንና የመለኪያ መሥሪያ ቤት እስኪሞት ድረስ መርቷል። የቮድካን 40 በመቶ የወሰነው እሱ ነው የሚለውን ወሬ ከሰሙ ደግሞ አይመኑ፤ በ1865 ለዶክትሬት የጻፈው ስለ አልኮልና ውሃ ውህደት መሆኑ እውነት ነው፣ የሩሲያ መንግሥት መጠኑን የወሰነው ግን በ1843 ሲሆን ያኔ ልጁ 9 ዓመቱ ነበር።

የኖቤል ሽልማትን ለምን አላገኘም ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። በ1906 የኬሚስትሪ ኮሚቴው አብላጫ ድምፅ ለእሱ ነበር። የስዊድን ሳይንስ አካዳሚ ግን ሥራው የቆየና የታወቀ ነው በሚል ውሳኔውን ቀይሮ ፍሎሪንን ለብቻው ላወጣው ለፈረንሳዊው ሙዋሳን ሰጠ። ከጀርባ ሆኖ ሜንዴሌቭን የተቃወመው ስዊድናዊው ኬሚስት አሬኒየስ ነበር፤ ሜንዴሌቭ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የኤሌክትሪክ ሙል ወዳላቸው ቅንጣቶች ይከፈላል የሚለውን የአሬኒየስን የአዮን ንድፈ ሐሳብ አጥብቆ ይነቅፍ ነበርና ቂም አለ የሚሉ አሉ። ሜንዴሌቭ በፌብሩዋሪ 1907 ሞተ። ሙዋሳንም በዚያው ወር ሞተ።

የቴሉሪየምና የአዮዲን ነገር የተፈታው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ወጣት ሞዝሊ በ1913 የንጥረ ነገሮችን ኤክስሬይ ሲለካ፣ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ክብደት ሳይሆን በአቶሙ እምብርት ያለው የኤሌክትሪክ ሙል፣ ዛሬ አቶሚክ ቁጥር የምንለው መሆኑን አሳየ። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። ሞዝሊ በ1915 በጋሊፖሊ ጦርነት በ27 ዓመቱ ተገደለ። በ1955 አሜሪካ በርክሊ ላይ የተሠራው 101ኛው ንጥረ ነገር ሜንዴሌቪየም ተብሎ ተሰይሟል፤ መጀመሪያ ያገኙት 17 አቶሞች ብቻ ነበር።

ለልጅዎ ከሕልሙ የተሻለ ጨዋታ ልስጥዎ። ዘጠኝ ቁራጭ ወረቀት ላይ እነዚህን ይጻፉለት፦ ክሎሪን 35.5፣ ፖታሲየም 39፣ ካልሲየም 40፣ ብሮሚን 80፣ ሩቢዲየም 85፣ ስትሮንሺየም 88፣ አዮዲን 127፣ ሲዚየም 133፣ ባሪየም 137። የትኞቹ በጠባይ እንደሚመሳሰሉ ይንገሩትና በሦስት ረድፍና በሦስት ዓምድ እንዲያስቀምጣቸው ይተዉት። ሲጨርስ አሥረኛውን ወረቀት ይስጡት፦ ቴሉሪየም 128፣ ከክሎሪን ቤተሰብ ያልሆነ። የት እንደሚያስቀምጠው፣ ለምንም እንዲያ እንዳደረገ ይጠይቁት።